የአደጋ ምክንያት እስከ የት ይፈለጋል?

እ.ኤ.አ. በ1931 ትራቬለርስ በተባለው የአሜሪካ ኢንሹራንስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ሄንሪክ የፋብሪካ አደጋን ስለ መከላከል አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የተነሣበት መረጃ ጥቂት አልነበረም፤ ከተዘጉ የካሣ መዝገቦችና ከፋብሪካ ባለቤቶች የተሰበሰቡ 75,000 ያህል የአደጋ ጉዳዮች ነበሩ። ከእነዚህ ተነሥቶ የደረሰበትን ድምዳሜ በሦስት ቁጥሮች አስቀመጠው። ከመቶ አደጋ 88ቱ የሚደርሰው ሠራተኛው በፈጸመው አደገኛ ድርጊት ነው፤ 10ሩ በማሽን ወይም በሥራ ቦታ ጉድለት ነው፤ የቀሩት 2ቱ ግን ማንም ሊከላከላቸው የማይችል ናቸው። አደጋውንም በተርታ በቆሙ አምስት የዶሚኖ ጠጠሮች መሰለው፤ አንዱ ሲወድቅ ቀጣዩን እየጣለ እስከ ጉዳቱ ይደርሳል፣ ከመካከል አንዱ ቢነሣ ግን መውደቁ እዚያ ላይ ይቆማል። በሚቀጥሉት አሠርት ዓመታት እነዚህ ቁጥሮች ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ፣ ከአገር ወደ አገር ተሻገሩ። ሄንሪክ ራሱ ማሽኖች መከለያ እንዲደረግላቸው አጥብቆ የመከረ ሰው ነበር፤ ከመጽሐፉ ግን በሰው አእምሮ የቀረው 88 የሚለው ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መዝገቦቹን የሞሉት በአብዛኛው የተጎዳው ሰው አለቆችና አሠሪዎች ነበሩ። መከለያ የሌለው መቁረጫ የአንድን ሠራተኛ ጣት ሲወስድ አለቃው በቅጹ ላይ የሚጽፈው ያየውን የመጨረሻ ነገር ነው፦ ሠራተኛው እጁን አስገባ። መከለያው ለምን እንዳልተገዛ፣ ሠራተኛው በሰዓት ስንት ቁራጭ እንዲያወጣ እንደ ታዘዘ የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ ከሌለ መልሱም አይኖርም። ስለዚህ 88 ከመቶ የሚለው አኃዝ ስለ አደጋ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ጥያቄው የሚነግረን ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ያለው የአደጋ ምርመራ ታሪክ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው፦ መርማሪው የሚያገኘው ምክንያት በያዘው ዘዴ ስፋት ይወሰናል፤ የዘዴው ዋጋ ደግሞ የሚለካው የሚቀጥለውን አደጋ ሊያስቀር የሚችል፣ በእጅ የሚጨበጥና የሚስተካከል ነገር ላይ በማድረሱ ነው።

የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። ቢ-17 የተባለውን የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ያበረሩ አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ፣ መሬት ላይ እየሮጡ ሳለ የክንፉን ፍላፕ እመልሳለሁ ብለው ጎማውን ያጥፉት ነበር፤ አውሮፕላኑም በሆዱ ይቀመጣል። በጊዜው በነበረው ዘዴ መልሱ አንድ ብቻ ነበር፦ የአብራሪ ስህተት። የሥነ ልቦና ባለሙያው አልፎንስ ቻፓኒስ ግን ወደ አብራሪው ክፍል ገብቶ መቆጣጠሪያዎቹን ተመለከተ። የፍላፑና የጎማው ማንሻዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ በቅርጽ የማይለያዩ ነበሩ፤ ድካም በተጫነው እጅ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ሌላ ዓይነት አቀማመጥ ያለው ሲ-47 አውሮፕላን ደግሞ ይህን ችግር አያውቀውም ነበር። መፍትሔው ለጎማው ማንሻ የጎማ ቅርጽ፣ ለፍላፑ ማንሻ የክንፍ ቅርጽ መስጠት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1947 ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ የአብራሪ ስህተት የተባሉ 460 አጋጣሚዎችን ሰብስበው ሲመረምሩ ተመሳሳይ ነገር አገኙ፤ ብዙዎቹ ከመቆጣጠሪያዎቹ አሠራርና አቀማመጥ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ዛሬም በመንገደኛ አውሮፕላን የጎማው ማንሻ ጫፍ ጎማ ይመስላል። አብራሪውን መገሠጽ ያላስገኘውን ውጤት የማንሻውን ጫፍ መለወጥ አስገኘ።

ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁለት ዘዴዎች በየፊናቸው አደጉ። ጃፓን ውስጥ የቶዮታው ታይቺ ኦኖ አምስት ጊዜ ለምን ብሎ መጠየቅን የፋብሪካው ልማድ አደረገ። የታወቀው ምሳሌው የቆመ ማሽን ነው፦ ጭነት በዝቶ ፊውዙ ስለ ተቃጠለ ቆመ፤ ጭነቱ የበዛው ኩሽኔታው በቂ ቅባት ስላላገኘ ነው፤ ቅባት ያላገኘው ፓምፑ በደንብ ስላልሳበ ነው፤ ፓምፑ ያልሳበው ዘንጉ ስለ ተበላ ነው፤ ዘንጉን የበላው ደግሞ ማጣሪያ ስለሌለ የገባ የብረት ቅንጥብጣቢ ነው። ፊውዝ ብቻ የቀየረ ሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እንደገና ይቀይራል፤ ማጣሪያ ያስገባ ግን ተገላገለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ገደማ የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ሚኒትማን ለተባለው ሚሳይል የስህተት ዛፍ የሚባለውን ትንተና ቀየሱ። የሚፈራው ክስተት ከላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ ወደዚያ የሚያደርሱ ብልሽቶች፣ አንዱ ብቻውን የሚበቃውና ሁለቱ አብረው መከሰት ያለባቸው እየተለየ፣ በቅርንጫፍ ይወርዳሉ። የኦኖ መንገድ በአንድ ረድፍ ይሄዳል፣ ዛፉ ይከፋፈላል፤ በዚህ ይበልጠዋል። ሁለቱም ግን አንድ ግምት ይጋራሉ፦ አደጋ ከደረሰ የተሰበረ ነገር አለ ይላሉ። ለማሽን ይህ ይሠራል። ማሽኑን ለሚመራ ድርጅት ግን እንደማይበቃ አንድ የዌልስ መንደር በመራራ መንገድ አሳየች።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 በአበርፋን መንደር አናት ላይ ተቆልሎ የነበረ የከሰል ማዕድን ጥራጊ ተንዶ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ቀበረ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ክምሩ የተጣለው ምንጭ በሚፈልቅበት ቦታ ላይ ነበር፤ የመንደሩ ሰዎች አስቀድመው ስጋታቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል፤ በአካባቢውም ቀደም ሲል ክምር ተንዶ ያውቃል። ምርመራውን ያካሄደው ችሎት ጥፋቱን በብሔራዊ የከሰል ቦርድ ላይ ሲያደርግ ያገኘው ክፋትን ሳይሆን አላዋቂነትን፣ ችሎታ ማነስንና መረጃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አለመተላለፉን ነበር። ክምርን የሚመለከት ደንብ እንኳ ቦርዱ አልነበረውም። የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ባሪ ተርነር ይህንና መሰል ምርመራዎችን አንብቦ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ አደጋ ለዓመታት ሳይታይ እንደሚጠነሰስ አስረዳ። ምልክቶቹ አሉ፤ ግን በተለያዩ ሰዎች እጅ ተበትነዋል፣ ወይም የሚያመጣቸው ሰው ባለሙያ አይደለም ተብሎ ይናቃል። ከተርነር በኋላ መርማሪ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ተወስኖ መቅረት አይገባውም፤ የኋላ ዓመታትን ደብዳቤዎችም መክፈት አለበት።

ዘዴ ሲለወጥ መልሱ እንዴት እንደሚለወጥ ከቼርኖቢል ይልቅ አጉልቶ የሚያሳይ የለም፤ ያንኑ አንድ አደጋ ያው አንድ ድርጅት ሁለት ጊዜ መርምሮታልና። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1986 አራተኛው ሪአክተር ከፈነዳ በኋላ የሶቪየት ልዑካን ነሐሴ ላይ ቪየና ተገኝተው ማብራሪያ ሰጡ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አማካሪ ቡድን ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ዋናውን ሸክም በኦፕሬተሮቹ ላይ ጣለ፤ ደንብ ጥሰዋል፣ መከላከያዎችን አጥፍተዋል ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት የጣቢያው ዳይሬክተር፣ ዋና መሐንዲሱና ምክትሉ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1992 ሁለተኛ ሪፖርት ሲያወጣ ግን አዲስ የተገኙ ሰነዶችን መሠረት አድርጎ ክብደቱን ወደ ሪአክተሩ ንድፍና ወደ ደኅንነት ባህል አዛወረው። ተጣሱ ከተባሉት ደንቦች አንዳንዶቹ በጊዜው የተከለከሉ እንኳ አልነበሩም።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ኦፕሬተሮቹ በመጨረሻ የተጫኑት አዜ-5 የተባለው አዝራር ሪአክተሩን ለማጥፋት የተሠራ ነው፤ ሲጫኑት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች በሙሉ ወደ ውስጥ ይወርዳሉ። ዘንጎቹ ግን ከሥራቸው የግራፋይት አካል ነበራቸው። ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ከተሳቡ ከግራፋይቱ በታች ውኃ ይቀራል፤ ውኃ ደግሞ ኒውትሮን ይመጥጣል። ዘንጉ መውረድ ሲጀምር ግራፋይቱ ያንን ውኃ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል፤ በሪአክተሩ የታችኛው ክፍል ምላሹ በመቀነስ ፈንታ መጀመሪያ ይጨምራል። ማጥፊያው ለጥቂት ሴኮንዶች ማፋጠኛ ሆነ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ጠባይ እ.ኤ.አ. በ1983 በሊትዌኒያው ኢግናሊና ጣቢያ በሙከራ ጊዜ መታየቱ ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ያውቁት ነበር፤ በዚያች ሌሊት አዝራሩን የተጫኑት ሰዎች ግን አያውቁትም። የመጀመሪያው ሪፖርት ብቻ ቢኖር ኖሮ ትምህርቱ ኦፕሬተር ደንብ ያክብር የሚል ይሆን ነበር፤ ተመሳሳይ ዘንግ ያላቸው ሌሎች ሪአክተሮችም ያንኑ አደጋ እንደ ተሸከሙ ይቀሩ ነበር። ደግነቱ ንድፉን ማስተካከሉ ሁለተኛውን ሪፖርት ሳይጠብቅ ተጀምሯል፤ መሐንዲሶቹ በአደባባይ የተነገረው ምክንያት እንደማይበቃ ያውቁ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1990 እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ሪዝን የሰው ልጅ ስህተትን የሚመለከት መጽሐፍ አወጣ። በኋላ የስዊዝ አይብ የተባለው ሞዴሉ መከላከያዎችን እንደ ተደረደሩ የአይብ ቁራጮች ያያቸዋል፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር የገጠሙ ዕለት አደጋው ያልፋል። ከፊት የሚታየው የአብራሪው ወይም የኦፕሬተሩ ስህተት ነው፤ ከኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ግን በአስተዳደር፣ በበጀትና በቁጥጥር የተከፈቱ፣ ለረጅም ጊዜ ተኝተው የሚቆዩ ናቸው። ለዚህ አስተሳሰብ ካናዳ ውስጥ የተደረገ አንድ ምርመራ ታላቅ ምስክር ሆነ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 1989 የኤር ኦንታሪዮ ፎከር ኤፍ-28 ከድራይደን አየር ማረፊያ ሲነሣ ከክንፉ ላይ በረዶ ስላልተጠረገ ወድቆ ከተሳፈሩት 69 ሰዎች 24ቱ ሞቱ። አብራሪው በረዶ እያየ ተነሣ፤ በአሮጌው ዘዴ ምርመራው እዚህ ላይ ያበቃል። ዳኛ ቨርጂል ሞሻንስኪ ግን ወደ ኋላ ሄዱ። የአውሮፕላኑ ረዳት ሞተር ተበላሽቶ ሳይጠገን እንዲበር ተፈቅዶለታል፤ ድራይደን ላይ ዋና ሞተር ማስነሻ መሣሪያ የለም፤ ስለዚህ አንድ ሞተር እየሠራ መቆየት አለበት። ሞተር እየሠራ በረዶ ማጠብ ደግሞ በኩባንያው አሠራር ክልክል ነው። ቀደም ባለው ማረፊያ ተጨማሪ መንገደኞች ስለ ተጫኑ ነዳጅ ተቀንሶ ሰዓት አልፏል፤ ድራይደን ላይ እንደገና ነዳጅ መሙላት ግድ ሆነ፣ በዚህ መካከል በረዶው ይወርዳል። አብራሪው ከመወሰኑ በፊት ሌሎች ብዙ ነገር ወስነውለታል። ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ 191 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። አብራሪው ብቻ ቢወቀስ ኖሮ ምክረ ሐሳቡ አንድ ይሆን ነበር።

የሪዝን ሞዴል ግን እንደ ዶሚኖው ሁሉ ቀዳዳ ማለትም ጉድለት ይፈልጋል። ምንም ሳይበላሽ አደጋ ቢደርስስ? እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 ማርስ ላይ ሊያርፍ የነበረው የናሳ መንኮራኩር ሲጠፋ መርማሪዎች ያመኑበት ምክንያት እንዲህ የሚል ነው፦ እግሮቹ ሲዘረጉ የተፈጠረውን ንዝረት ሶፍትዌሩ መሬት የመንካት ምልክት አድርጎ ወሰደው፣ ሞተሩንም ከ40 ሜትር ከፍታ ላይ አጠፋው። እግሩ እንደ ታሰበው ተዘረጋ፣ ሴንሰሩ ንዝረቱን ተናገረ፣ ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ፈጸመ። የተሰበረ ነገር የለም፤ የጎደለው በመካከላቸው የነበረው ስምምነት ነው። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋሟ ናንሲ ሌቭሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረቡት ስታምፕ የተባለ ዘዴ የተነሣው ከእንዲህ ያለ ነገር ነው። ጥያቄው ምን ተሰበረ መሆኑ ቀርቶ ማን ምንን ይቆጣጠር ነበር፣ ስለሚቆጣጠረው ነገርስ ምን ያውቅ ነበር ሆነ። ይህ ጥያቄ ለአብራሪውም፣ ለሶፍትዌሩም፣ ለአምራቹም፣ ለመንግሥት ተቆጣጣሪውም እኩል ይቀርባል።

ጥያቄው ወደ እኛ የመጣው ከባድ ሐዘን ይዞ ነው። ቦይንግ በ737 ማክስ ላይ ትላልቅ ሞተሮችን ወደ ፊት አስጠግቶ ስለ ሰቀለ አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫውን ወደ ላይ የማንሣት ዝንባሌ አሳየ። ይህን ለማረም ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ገባ፤ ሶፍትዌሩ የሚያነበው አውሮፕላኑ ከሚመጣበት ነፋስ ጋር ያለውን አንግል የሚለካ አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር፣ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥም አሠራሩ አልተብራራም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር 610 ወድቆ 189 ሰዎች ሞቱ። ወዲያውም ጣት ወደ አብራሪዎቹና ወደ ጥገናው ተቀሰረ፤ ከአንድ ቀን በፊት ያንኑ አውሮፕላን ያበረሩት ችግሩን ተቋቁመው አርፈዋልና። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ አወጣ፤ በውስጥ ባደረገው ስሌት ግን ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ በማክስ አውሮፕላኖች ዕድሜ ውስጥ 15 ያህል ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። መፍትሔው ለጊዜው በአብራሪው እጅ ላይ ተጣለ፤ ሄንሪክ ትቶት የሄደው ልማድ ከ87 ዓመት በኋላ እንኳ አልሞተም ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። ወዲያው የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አሳየ፤ የቀኙ 15 ገደማ ላይ ነበር። የዋና አብራሪው መሪ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ኤምካስም የተሳሳተውን ሴንሰር አምኖ አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ ማሳሰቢያው እንደሚለው የኤሌክትሪክ ማስተካከያውን አጠፉ። በዚያ ፍጥነት ግን የእጅ ማዞሪያው አልንቀሳቀስ አላቸው። ኤሌክትሪኩን እንደገና ሲመልሱት ኤምካስ እንደገና ገፋ። ከ6 ደቂቃ በኋላ አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች ሞቱ።

የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ምክንያቱን በኤምካስ ላይ አደረገ። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በኤምካስ ሚና ተስማምተው፣ የአብራሪዎቹ አሠራርና የእርስ በርስ ቅንጅት በበቂ አልተመረመረም ሲሉ ተቃወሙ። አሜሪካኖቹ ሴንሰሩን ያበላሸው የወፍ ግጭት ነው አሉ፤ የእኛ መርማሪዎች ከአመራረት የመጣ የኤሌክትሪክ ችግር ነው ብለው ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ተቃውሞው በአንድ በኩል ትክክል ነው። ሰፊ ምርመራ የሚባለው የትኛውንም ደረጃ ሳይዘል ሲቀር ነው፤ የሞተር ኃይሉ ለምን በመነሻው መጠን እንደ ቆየ፣ ከላየን ኤር በኋላ አብራሪዎች ምን ዓይነት ልምምድ እንደ ተሰጣቸው መጠየቅ ሟቾቹን መውቀስ አይደለም። የኢንዶኔዥያው ሪፖርት ንድፉን፣ ቁጥጥሩን፣ ጥገናውንና አብራሪዎቹን በ9 ነጥብ አንድ ላይ አቅርቧል፤ የአምራቹን ጥፋት ለማሳየት የአየር መንገዱን ድርሻ መሸሸግ አላስፈለገውም። ስለ ወፏ የተነሣው ክርክር ግን የጠባቡን ዘዴ ጉድለት ያሳያል። ሴንሰሩን ወፍ ትስበረው ሽቦ፣ በአንድ ሴንሰር ቃል አውሮፕላን ወደ መሬት የሚመራ ሶፍትዌር መጽደቁ አይለወጥም።

ሌላው ተቃውሞ ሁሉም ከተጠየቀ ማንም አይጠየቅም የሚለው ነው። ሪዝን ራሱ በኋለኛ ዘመኑ መረቡ ከልክ በላይ እየሰፋ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። ሆኖም ምርመራና ፍርድ ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 13ኛ አባሪም የምርመራ ዓላማ ጥፋተኛ መለየት ሳይሆን አደጋን መከላከል ነው ይላል። ተጠያቂነትን ያሳሳው ደግሞ ጠባቡ ዘዴ ነው፤ ቼርኖቢል ላይ ንድፍ አውጪዎቹ፣ ከላየን ኤር በኋላ አምራቹ ለጊዜው ያመለጡት በእሱ ነው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የተዋዋለው ጥያቄው ከአብራሪው ክፍል ወጥቶ ወደ ኩባንያው ከዘለቀ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ የተሰበረ ማሽን ስታምፕ ይሠራ ማለትም አይደለም፤ ለቆመ ፓምፕ የኦኖ አምስት ጥያቄዎች ይበቃሉ። መቆሚያውም አይጠፋም፤ አንድን ነገር ለመለወጥ ሥልጣን ያለው ሰው ወይም ተቋም ሳይጠየቅ እስካለ ድረስ ምርመራው አላለቀም።

የተደረገው ጥገናም ይህንኑ ይመሰክራል። ማክስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ሲፈቀድ ኤምካስ ሁለቱን ሴንሰሮች እንዲያነጻጽር፣ በአንድ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ፣ አብራሪው ሊያሸንፈው እንዲችል ተደርጓል፤ አብራሪዎችም የሲሙሌተር ልምምድ ታዞላቸዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. መልሶ አበረረ። በሰማይ የተገኘው ይህ ጥያቄ አሁን ወደ መንገዳችን ይውረድ። ዛሬም በትራፊክ አደጋ መዝገባችን ላይ በአብዛኛው የምናነበው ርቀት ጠብቆ አለማሽከርከር፣ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ መንዳት የሚሉ የአሽከርካሪ ጥፋቶችን ነው። ቅጹን የሚያዘጋጁ ኃላፊዎች ከእነዚህ ቀጥሎ ለመንገዱ ኩርባና ለእግረኛ መሻገሪያው፣ ለፍሬኑና ምርመራውን ላጸደቀው ድርጅት፣ ለአሽከርካሪው የሥራ ሰዓትና ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ሒሳብ አንድ አንድ መስመር ይጨምሩ፤ መልሱንም መንገድ ለሚሠራው፣ ፈቃድ ለሚሰጠውና ለባለንብረቱ ይላኩ።